አለቃው ሲያይ የሚወድቁ ምሰሶዎች

ዳቦ ፋብሪካው ውስጥ የኮምፒውተሩን ሥራ የሚሠራው ሰውዬ «ጭጭ» ነው የሚባለው። ዝምተኛ ነው፣ ደግሞ ጠረጴዛውን ሳይወለውል ሥራ አይጀምርም። ሚስቱ እዚያው የማሸጊያ ክፍል ኃላፊ ናት። እሷ ስትናገር ምድጃው ራሱ የሚያዳምጥ ይመስላል።

ጭጭ ሁለት ፕሮግራም ሠራ። አንዱ ሚዛን ላይ የሚያልፈውን ዳቦ በክብደት በክብደቱ ይቆጥራል። ሌላው ቁጥሩን ምሰሶ እያደረገ ፎቅ ላለው አለቃ ያሳያል፤ ዳቦ የበዛበት ክብደት ምሰሶው ይረዝማል። ሁለቱ የሚገናኙት ኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ ባለች አንዲት የጋራ ቦታ ነው። እንደ ጥቁር ሰሌዳ በሏት፤ አንዱ ይጽፍባታል፣ ሌላው ያነባታል።

አለቃው ረፋዱ ላይ ስክሪኑን ከፈተ። ምሰሶ የለም! ወዲያው ግን ከታች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ዘግቶ እንደገና ከፈተ። አሁንም ባዶ፣ አሁንም ብቅ ብቅ። ደረጃውን እየዘለለ ወደ ማሸጊያ ክፍሉ ወረደ።

«ለካ እኔ ሳያችሁ ብቻ ነው የምትሠሩት!»

«ጋሼ፣ ጠዋት መኪና ጭኖት የሄደው ዳቦ ታዲያ ከሰማይ ወረደ?» አለች የጭጭ ሚስት፣ ላቧን እየጠረገች።

«ኮምፒውተር አይዋሽም። ነገም እንዲህ ከሆነ ኃላፊነቱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ!»

ምሳ ላይ ለባሏ ጀርባዋን ሰጥታ በላች።

«ፕሮግራሙማ ይሠራል...» አለ ጭጭ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው የማልሠራው እኔ ነኛ?»

ምሳውን ትቶ ተነስቶ ሄዶ የጻፈውን መስመር በመስመር አየው። ጉድ! ያ የመወልወል አመሉ እዚህም ገብቷል። ሁለቱም ፕሮግራሞች ሲነሱ ሰሌዳውን መጀመሪያ እንዲያጸዱ አድርጓል። የሚያነበው በተከፈተ ቁጥር የሚጽፈው የለፋበትን ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል። ማጽዳቱን ለሚጽፈው ብቻ ተወለትና ፎቅ ወጣ።

«ጋሼ... በከፈቱት ቁጥር እያጠፉት ነው።»

«እኔ?!»

«አይ፣ እኔ። ማለቴ፣ እርስዎ ሲከፍቱ እኔ... እሷ ምንም አላጠፋችም!»

የመጨረሻዋን ጮኾ ነው ያላት። አለቃው ደንግጦ ስክሪኑን ዘጋና ከፈተ። ምሰሶዎቹ አልወደቁም። ዘጋ፣ ከፈተ፤ እንዲያውም ረዝመዋል።

ወርዶ የማሸጊያ ክፍሉ መተላለፊያ መሀል ፊቷ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ። «ያው... ጠዋት ተሳስቻለሁ። ኃላፊነትሽም እንዳለ ነው። ይቅርታ።»

«ይቅር ብያለሁ ጋሼ» አለች፣ ሁለት እጇ በዳቦ ሳጥን እንደተያዘ። «አሁን ግን እባክዎን ከመንገድ ዞር ይበሉልኝ፤ ሳጥኑ ሊያመልጠኝ ነው!»