እንሰት በማጭድ ያጨደችው ሴት

ልጅ ሳለሁ ሐዋሳ ላይ ክረምት ሲገባ የሰው ሁሉ ፊት አብሮ ይጠቁር ነበር። ሐይቁና ሰማዩ አንድ አመድማ መልክ ይይዛሉ፣ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፣ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ይሸታል። የምንኖረው መሃል ከተማ፣ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዙበት የቀበሌ ግቢ ስለነበር፣ ማን ምን እንደበላ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ሳይነገረኝ አውቃለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ዓይኔ ግን ያኔም ሥራ አልፈታም።

ተረት የሚነግሩን እማማ የሺ ነበሩ። ባላቸው በመንግሥት ሥራ ተዛውረው ከጎጃም ያመጧቸው፣ ባላቸውን ቀብረው ሐዋሳ የቀሩ ሴት ናቸው። ሲመሽ መብራት ይጠፋል፤ ያኔ ኩራዛቸውን ለኩሰው የከሰል ምድጃቸው ላይ የበቆሎ እሸት ይደረድራሉ፤ እኛም ጢሱ ዓይናችንን እያቃጠለን እንከባቸዋለን። ባዶ እጁን የተቀመጠ ግን ተረት አይሰማም። አንዱ ባቄላ ይፈለፍላል፣ አንዷ ምስር ትለቅማለች፣ ለእኔ ጥጥ ይሰጡኝ ነበር። «ክረምት ሰውን የሚጥለው እጁን ፈትቶ ሲያገኘው ነው» ይሉ ነበር።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የጎረቤታችንን የእትዬ ማርታን ልጅ ማቴዎስን ከገበያ አፍሰው ለውትድርና ወሰዱት። እትዬ ማርታ የሲዳማ ገጠር ተወላጅ ናት፤ ከተማ የገባችው በትዳር ነው፤ ባሏም ከሞተ ቆይቷል። ልጇ ከተወሰደ በኋላ በሯን ገርበብ አድርጋ ወደ ግድግዳ ዞራ ተኛች። መጀመሪያ ምግብ ተወች፣ ቀጥላ መናገር ተወች። ትንሿ ልጇ እኛ ቤት ከእኔ ጋር ታድር ጀመር። ሴቶቹ ቧንቧው ጋ ተሰብስበው ሲያወሩ አንዷ «ዛር ነው» ስትል፣ ሌላዋ «ጴንጤ ደግሞ ምን ዛር አለው?» ብላ መለሰችላት። እናቴ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንዲህ ከቀጠለች መስከረምን አታይም» አለች። ልጅቷ አጠገቤ ቆማ ስለነበር እጇን ይዤ ወሰድኳት።

እማማ የሺ የሚያውቁትን ሁሉ ሞከሩ። መስኮቷን ከፈቱ፤ እግሯን በሞቀ ውሃ አጠቡ፤ ፀጉሯን ቅቤ ቀብተው ሠሩላት። ትልልቆቹ ሁሉ «የማቴዎስ እናት» እያሉ ሲጠሯት እሳቸው ብቻ «ማርታ» ይሏታል። እሷ ግን እንደ ዕቃ የፈለጉትን ያደርጓትና ተመልሳ ወደ ግድግዳው ትዞራለች።

አንድ ቀን ሲመሽ ምድጃውን አንስተው ወጡ። «ዛሬ እዚያ ነን» አሉና የእትዬ ማርታ በረንዳ ላይ፣ በሩ አፍ ላይ ተቀመጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ጮክ ብለው መናገር ነበረባቸው። ወይም ሰበብ ሆናቸው።

ተረቱ የአንዲት መበለት ነው። ጅብ ቤቷ በእንግድነት ገብቶ ልብላሽ ይላታል። እሷም «አሁን ከስቻለሁ፤ እንሰቴ ደርሶ ቆጮውን በልቼ ስወፍር ትበላኛለህ» ትለዋለች። ጅቡም ተስማምቶ ደጇ ተቀመጠ።

«ከዚያ» አሉ እማማ የሺ፣ «የእንሰት ዘሯን አውጥታ ማሳዋ ላይ ዘራች።»

ከውስጥ አልጋው ተንቋቋ።

«በጥቅምት ደረሰላት፤ ማጭዷን ስላ አጨደችው።»

የታፈነ ሳል ሰማን። እማማ የሺ እንዳልሰሙ ሆነው በቆሏቸውን አራገቡ።

«ነዶውን ወደ አውድማ አጋዘች፤ በሬዎቿን አስገብታ አስረገጠችውና…»

«ኧረ እማማ!» አለች እትዬ ማርታ ከጨለማው ውስጥ። ስንት ጊዜ ያልተናገረ ጉሮሮ ስለነበር ድምፅዋ የዛገ በር ይመስላል። «እንሰት በማጭድ? በበሬ? ማነው እንዲህ ብሎ ያሞኘዎት?»

«እና እንዴት ነው? እኔ የጤፍ አገር ሰው፣ ምን አውቄ!»

«እንሰት እኮ ይተከላል እንጂ አይዘራም! ትንሽ ሲያድግ ይነቀላል፣ ሌላ ቦታ ይተከላል፣ እንደገና ይነቀላል። ዓመታት ነው የሚቆየው። በጥቅምት ከደረሰማ ጅቡ መቼ አርጅቶ ጥርሱ ይረግፋል? ተረቱን እኮ ገደሉት!»

«እንግዲያስ መጥተሽ አንቺ ንገሪያቸው፤ እኔ በቆሎዬ እያረረብኝ ነው።»

ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች ግድግዳውን ተደግፋ ወጣች። ልጇ ሮጣ ጭኗ ላይ ወጣች። እትዬ ማርታም መበለቷ እንሰቱን እንዴት እንደተከለች፣ ጅቡ ደጅ ላይ ሆኖ ሲጠብቅ ሲጠብቅ እንዴት እንዳረጀ፣ በመጨረሻ ጥርስ አልባ ሆኖ ቆጮ እንዴት እንደለመናት ነገረችን። እማማ የሺ አልሳቁም፣ እሰይም አላሉም። በቆሎውን ገለበጡና የበሰለውን ሰጧት። እያወራች በላችው።

ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ መጣች። አንዳንድ ቀን ታለቅስ ነበር፤ ቢሆንም ባቄላዋን እየፈለፈለች ነው።

ያ ተረት በተነገረ ማግስት እማማ የሺ ዳቦ የሚጋግሩበት የኮባ ቅጠል ቁረጪ ብለው ወደ ጓሯቸው ላኩኝ። እንሰታቸው ከእኔ ሁለት እጥፍ ይረዝማል፤ ከሥሩ አዲስ የተተከሉ ችግኞች ተደርድረዋል። ስንት ዓመት ሲተክሉ የኖሩ ሴት ናቸው! «እማማ፣ ይሄ ኮባ እንሰት አይደለም?» አልኳቸው። «ዝናብ ሳይመታሽ ቅጠሉን ይዘሽ ግቢ» አሉኝ። በዕድሜዬ ብዙ ወሬ አውጥቻለሁ፤ ይህቺን ግን እትዬ ማርታ እስክታርፍ ድረስ ከአፌ አላወጣኋትም።

ማቴዎስ መንግሥት ሲለወጥ በእግሩ መጣ። ያረጀ ሰው መስሎ ነበር። በሩን የከፈተችለት ራሷ እናቱ ናት።

ያኔ የሰማኋቸው ተረቶች አብዛኞቹ ጠፍተውብኛል፤ የቀረኝ ምድጃውን አንስቶ መሄድ ነው። አምና በክረምት፣ ሐይቅ ዳር ዓሣ ስትጠብስ የኖረችው ጎረቤቴ ባሏ ሞቶባት በሯን ዘጋች። በቆሎዬን ይዤ ደጃፏ ተቀመጥኩና ለልጅ ልጆቿ ተረት ጀመርኩ፤ አምባዛ የተባለው ዓሣ ቅርፊቱን አውልቆ ገበያ ሊሸጥ ሄደ አልኳቸው።

«አምባዛ ደግሞ ምን ቅርፊት አለው፣ አንቺ ሴትዮ!» አለች ከውስጥ።

በቆሎዬን ገለበጥኩ።