ደባርቅ ላይ የነጣ መስታወት

ሰኞ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ከጎንደር የተነሳሁት ሦስት ቁራጭ መስታወት ይዤ ነው። ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጡም፤ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ግን እነሱው ናቸው። ኦክሲፍሎራይድ መስታወት ይባላሉ፤ ውስጣቸው ኤርቢየም የተባለ ብርቅዬ ንጥረ ነገር አለ። ሌላ መስታወት የማቀልጥበት ጥሬ ዕቃ የለኝም። የቤተ ሙከራችን ምድጃ ከተበላሸ ወራት አልፈዋል፤ ደባርቅ ያለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ግን የራሱን ሊያውሰኝ ተስማማ።

የሚኒባሱ ሾፌር "አሁን እንወጣለን" ካለኝ በኋላ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ሚኒባሱ ሲሞላ ደግሞ እሱ ጠፋ፤ ቁርስ ላይ ተገኘ። ቦርሳሽ ጣራ ላይ ካልተጫነ አለኝ። መስታወት መሆኑን ስነግረው "እቀፊዋ፤ ግን የሰው ትከፍይበታለሽ" ብሎ አስከፈለኝ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ዳባት ላይ ዘመዱን አግኝቶ ስለ ገብስ አዝመራ ሲያወጋ፣ እኔ ሰዓቴን እያየሁ ጥርሴን ነከስኩ። በዚህ አገር ሰዓት የሚያከብር እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?

ደባርቅ ስደርስ የምድጃው ኃላፊ አያ ሞገስ ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው ቀብር ሄደዋል። ነገ ነይ ተባልኩ። ሽሮዬን በልቼ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ፣ እንደተናደድኩ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ ጠዋት አራት ሰዓት

መስታወት ውስጥ አተሞቹ የቆሙት የጥምቀት ዕለት ጎንደር ቀሐ ወንዝ ላይ እንደሚተራመሰው ሕዝብ ነው። ከአምስት መቶ ዲግሪ ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት ለአራት ሰዓት ሲቆዩ ከፊሎቹ በየማኅበራቸው ይሰለፉና ዓይን የማያያቸው ደቃቅ ክሪስታሎች ይሠራሉ። ኤርቢየሙ እዚያ ሲገባ፣ የማይታይ ጨረር ባረፈበት ቁጥር አረንጓዴ ያበራል። ክሪስታሎቹ ካለልክ ካደጉ ግን መስታወቱ ይነጣል፤ ብርሃን አያሳልፍም፤ ለእኔም አይሆንም።

"ምነው ሦስቱንም?" አሉ አያ ሞገስ፣ ቁራጮቹን ምድጃው ውስጥ ላስገባ ስል። "አንዷን አስቀሪ እንጂ። ዘር ሁሉ ባንድ ቀን አይዘራም።"

ክርክሩ እንዲያልቅ ብዬ አንዷን ኪሴ ከተትኩ። ምድጃው አምስት ሰዓት ላይ ሞቀ። የማጥፊያ ሰዓቱን ዘጠኝ ላይ ሞላሁት።

"ይህ ማሽን እኮ ሰዓቱ…"

"አያ፣ እኔ የተማርኩት ይህንኑ ነው" ብዬ አቋረጥኳቸው። "በራሱ ይጠፋል፤ እንደተዘጋ እስከ ነገ ይቀዘቅዛል። ምንም ቢሆን እንዳይነኩት።"

ቀኑን ሙሉ የፈራሁት መብራት እንዳይጠፋ ነበር። የደባርቅ መብራት እንደዚያን ቀን ሸጋ ሆኖ አያውቅም አሉኝ።

ረቡዕ፣ ለሦስት ሰዓት አሥር ጉዳይ

ስገባ የምድጃው ቀይ መብራት እንደበራ ነው። የማሽኑ ሰዓት ስምንት ከሃምሳ ይላል። ገባኝ። ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የእኔ የከሰዓት ዘጠኝ ለእሱ አሥራ አምስት ነበር። እኔ የሞላሁት ዘጠኝ ገና አሥር ደቂቃ ይቀረዋል።

"አያ፣ ቀይ መብራቱን አላዩትም?"

"ትናንት ስወጣ አይቸዋለሁ።"

"ታዲያ ምነው ሳያጠፉት?"

"አትንኩ ብለሽኛል። ሰዓቱን ልነግርሽም ነበር፤ አላስጨረስሽኝም።"

እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስንጠብቅ ዋልን። ሁለቱም እንደ ወተት ነጥተው ወጡ። የጨረር መብራቴን ሳበራባቸው ከጠበቅኩት በላይ አረንጓዴ ሆኑ።

"ሸጋ ነው እኮ፤ ምን ያስለቅስሻል?" አሉኝ።

"ብርሃን አያሳልፍም፣ አያ።"

አንዱን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት። "እውነትሽን ነው፤ ብርሃኑ ውስጡ አለ፤ መንገዱ ተዘግቷል" አሉ።

ሐሙስ፣ አዘዞ

የመልሱ ሚኒባስም ዘገየ። በምን አፌ ልማረር? ጎንደር ተመልሼ አዘዞ ቤቴ ገብቼ ኪሴን ስፈትሽ ሦስተኛዋን ቁራጭ አገኘኋት፤ ጥርት እንዳለች ናት። ጥናቴ አሁን እሷ ብቻ ናት፤ እሷንም ያተረፉልኝ አላስጨርስ ያልኳቸው ሰው ናቸው።