ከወንዛዬ የሚመጣው ድንጋይ

የፎገራ ሜዳ ጭቃ እንጂ ድንጋይ የለውም። ሰውየው ግን በየቅዳሜው ወንዛዬ ከሚባለው አገር በኩል አንድ ድንጋይ ተሸክሞ ወረታ ገበያ ይገባል። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ድንጋዩን ግን በጋቢው ጫፍ ወልውሎ፣ ጣሊያን ያለ ፍርድ የሰቀላቸው ሰዎች መታሰቢያ ሥር ያኖረዋል። ስሙን የጠየቀው የለም።

ዛሬ ማዘጋጃ ቤቱ መታሰቢያውን አሳምሮ የሚያሠራበት በጀት እንደተፈቀደለት ሲነገር፣ ከሁላችን ቀድሞ ያጨበጨበው እሱ ነው። ደስታው አንድ ቦታ አላስቆመው አለ፤ መታሰቢያውን ሁለት ጊዜ ዞረው።

«ከእንግዲህማ ድንጋዩን በአህያ ነው የማመጣው» አለኝ፣ ላቡን እንኳ ሳይጠርግ።

«ወንድሜ፣ ከሟቾቹ ዘመድ አለህ እንዴ?» አልሁት።

ደስታው ከፊቱ ሳይጠፋ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከሟቾቹ እንኳ የለኝም። ገመዱን የሳበው አባቴ ነበር።»