በገደሉ በኩል

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ነበር የምላቸው። መንገድ ስንሄድ ሁልጊዜ አደጋ ባለበት በኩል እሳቸው ናቸው፤ በምንኖርበት የውጭ አገር ሰፈር፣ ስሎተርቫርት ውስጥ፣ እሳቸው በትራሙ ሐዲድ በኩል፣ እኔ በግድግዳው በኩል። «እኔም እኮ ሸመገልኩ» ስላቸው፣ «ዝም ብለህ ተራመድ፣ አንተ ማሙሽ» ይሉኝ ነበር።

ልጃቸው ወደ ፔሩ ወስዳን የኢንካዎችን ጥንታዊ ፍርስራሽ ከአስጎብኚ ጋር በእግር ስንጎበኝ፣ ጠባቡ የገደል መንገድ ላይ የደነበረች የጭነት በቅሎ መጣችብን። ጋሼ በክርናቸው ደረቴን መትተው ከድንጋዩ ግንብ ጋር አላተሙኝ፤ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። በቅሎዋ እሳቸውን ጥላ፣ ረግጣቸው ገደል ገባች። ጎድናቸው ተሰብሮ እንደተዘረሩ፣ «ጥርስህ ደህና ነው?» አሉኝ።

ከዚያስ ድነው ተመልሰው ነበር፤ ዘንድሮ በሕመም ተለዩን። እኔ ዛሬም በግድግዳው በኩል እሄዳለሁ፤ ከጎኔ ግን ማንም የለም። ትራሙ ሲያቃጭል ደረቴ ክርናቸውን ይጠብቃል።