ድብቁና የሚረዝመው ሰደፍ

ድብቁ የሚለውን ስም ያወጣችለት ሚስቱ ናት። ሰደፍ ጠራቢ ነበር፤ ጠመንጃ ትከሻ ላይ የሚያርፍበትን የእንጨት ክፍል ይጠርባል፣ የተሰነጠቀውን ይጠግናል፣ ያረጀውን ልጎ ቫርኒሽ ይቀባል። ደንበኞቹ አዳኞችና የኢላማ ተኳሾች ክበብ አባላት ነበሩ። ለዚህ ሥራ መሮ፣ ሞረድና የብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። እሱ ግን የሥራ ክፍሉን በር በሁለት ቁልፍ ይቆልፍ፣ መስኮቱንም በጆንያ ይጋርድ ነበር። ሻይ ቤት ገብቶ ስኳር ስንት ማንኪያ ይሁን ሲባል እንኳ ግራ ቀኙን ሳያይ አይመልስም።

"እኔ ያገባሁት ሰው አይደለም፣ ቁም ሳጥን ነው፤ ቁልፉንም ራሱ ውጦታል" ትል ነበር ሚስቱ።

ሚስቱ አጭር ናት፤ ክንዷም አጭር ነው። ኢላማ ላይ ግን ከእሱ ትበልጥ ነበር፤ ይህንን እሱም ያምናል፣ በሩን ዘግቶ። ችግሩ በቤቱ ያለው ጠመንጃ አንድ መሆኑ ነው። ሰደፉ ለእሱ ልክ ሲሆን ለእሷ ይረዝምና ትከሻዋን ያቆስላታል። ለእሷ ልክ ሲሆን ደግሞ እሱ በተኮሰ ቁጥር የገዛ አውራ ጣቱ አፍንጫውን ይመታዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ክበቡ ሲሄዱ በመንገድ ይጣላሉ፣ ሲመለሱም ይጣላሉ። ጎረቤቱ የቅዳሜን መድረስ የሚያውቀው በነሱ ጭቅጭቅ ነበር።

አንድ ሰሞን ድብቁ ከሥራ ክፍሉ አልወጣ አለ። ምግብ የሚቀበለው በበሩ ስንጥቅ ነበር። በመጨረሻ ሲወጣ የያዘው ሰደፍ ለዓይን ተራ ሰደፍ ይመስላል፤ ወገቡ ላይ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር አለችው። በአውራ ጣት ሲጫኑት የኋላው ግማሽ ይንሸራተትና ያጥራል ወይም ይረዝማል። ጣት ሲነሳ ውስጡ ያለው የብረት ሽብልቅ በሞላ፣ ተጨምቆ በሚፈናጠር የሽቦ ጥቅልል፣ ተገፍቶ ጥርሱን ይነክስና ቀጥ ይላል። እሷ ስትተኩስ አጭር፣ እሱ ሲተኩስ ረጅም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ እንደ ሌላው ቀን ጸጥተኛ ሆነ።

ነገር ግን ድብቁ ድብቁ ነው። ለማንም እንዳትናገር ሚስቱን አስማላት። ክበቡ ውስጥ ሰደፉን የሚያስረዝሙትና የሚያሳጥሩት ከሽንት ቤቱ ጀርባ እየሄዱ ነበር። ባልና ሚስት ጠመንጃ ይዘው ተከታትለው ወደዚያ ሲሮጡ ያየ ሁሉ ሆዳቸውን የታመሙ መስሎት ያዝንላቸው ነበር። አንዱማ መድኃኒት አምጥቶላቸዋል።

ሚስቱ መሐላዋን አላፈረሰችም፤ ከእናቷ በቀር ለማንም አልተናገረችም። በኋላ ስትጠየቅ፣ ለእናት መንገር ለራስ መንገር ነው ብላ ተከራከረች።

እናቷ፣ የድብቁ አማት፣ ግቢው ውስጥ ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ነው የሚኖሩት። ሰፈሩ ከሬዲዮ በፊት እሳቸውን ያዳምጣል። ልጃቸው ዋንጫ ያገኘች ዕለት ደስታው አላስቀምጥ ቢላቸው ፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ደጃፍ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ነገሩን ከሥሩ አስረዱ። "ውስጡ የብረት ምላስ አለው" አሉ፤ "ከኋላው ሞላ ይገፋዋል። ሲጫኑት ምላሱን ይሰበስባል፣ ሲለቁት ይናከሳል። አማቼ ምላሱን ለእንጨቱ ሰጥቶ ነው እሱ ዲዳ የሆነው።"

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ ልብስ ሰፊው ድብቁን መንገድ ላይ አስቁሞ፣ ምላሷ እንዴት አደረች ብሎ ጠየቀው። ድብቁ ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው ቤት ለቤት ዞሮ አማቴ አርጅተዋል፣ የሚያወሩት ሕልም ነው፣ ሰደፉ ደረቅ እንጨት እንጂ ሌላ አይደለም እያለ አስተባበለ። ሰዉም፣ እሱ በዕድሜው ያን ያህል ሲናገር ሰምቶት ስለማያውቅ፣ እውነት ሳይሆን አይቀርም አለ።

ወሬ በሄደበት መንገድ ይመለሳል። አማቱ ሕልመኛ መባላቸውን ሲሰሙ፣ "እንግዲህ ስለ ሰደፍ አንዲት ቃል ብተነፍስ ምላሴ ይቆረጥ" ብለው ማሉ። ከድብቁም ጋር መነጋገር አቆሙ። ከዚያ በኋላ የሁለቱን ቃል የምታመላልሰው ሚስቱ ሆነች፤ እሷም ከሁለቱም ወገን ስድቡን እያወጣች ሰላምታውን ብቻ ታደርስ ነበር።

በኋላ ሚስቱ ታመመች። ሕመሙ ረጅም አልነበረም፤ በዚያ ግቢ ስለሱ ብዙ አይወራም። አልጋ ላይ ሳለች አንድ ቀን፣ "አጭር ክንድ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ለሌላውም ሥራላቸው እንጂ" አለችው። እሺ አላት። ያቺ እሺ ናት እንግዲህ የኋለኛውን ጣጣ ሁሉ ያመጣችው።

እሷ ካረፈች በኋላ አማትና አማች ግቢው ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ፤ ቃል የሚያደርስ ጠፋ። ሥራው ለድመቷ ተሰጠ። አማቱ በራቸው ላይ ቆመው፣ "ድመቷ፣ ጣራው ያፈሳል በይው" ይላሉ። እሱም ከወዲያ፣ "ድመቷ፣ ነገ አያለሁ ብለሽ ንገሪያቸው" ይላል። ሁለቱም ለመልእክተኛዋ በየፊናቸው ስለሚያበሏት ድመቷ እንደ ትራስ ወፍራ ነበር።

ድብቁ ቃሉን ለመጠበቅ ሥራ ጀመረ። እንጨቱ አላስቸገረውም። ዓይኑ ግን ደክሟልና ትንሿን የብረት ሽብልቅ እንደ ድሮው በሞረድ ማውጣት አቃተው። ስለዚህ ሽብልቁንና ሞላውን በልኩ ሠርቶ እንዲልክለት ውጭ አገር ላለ ፋብሪካ አዘዘ። ሣጥኑ ሲደርስ ጉምሩክ ዕቃው ለምን እንደሚያገለግል ጠየቀው። ድብቁም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይደብቅ እውነቱን ተናገረ፦ ለሚረዝም ሰደፍ። ሣጥኑ እዚያው ታሸገ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የውጭ ኩባንያ እንዲሁ በሽብልቅና በሞላ የሚሠራ ሰደፍ ፈጠርኩ ብሎ የፈጠራ መብት፣ ፓተንት የሚሉትን፣ በዚህም አገር አስመዝግቧል። ያለ ኩባንያው ፈቃድ እንዲህ ያለ ሰደፍ መሥራት ክልክል ነው፤ ለዚያ የሚሆነውን ብረት ከውጭ ማስገባትም ክልክል ነው። አልቆ የመጣውን የኩባንያውን ሰደፍ እዚህ የሚሸጥ ወኪልም አለ። ወኪሉ ጨዋ ሰው ነው፤ በጨዋ ቋንቋ ሣጥኑ እንዲወገድ፣ ድብቁም እጁን እንዲሰበስብ ጠየቀ።

ድብቁ ወደ ፈጠራ መብት ጽሕፈት ቤት ሄደ። የተቀበለችው መርማሪ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ነበረች። መቼ እንደሠራው ጠየቀችው። ከነሱ ብዙ ቀድሞ መሆኑን ነገራት።

"ታዲያ ያኔ ማን ያውቅ ነበር?" አለችው።

ድብቁ ደረቱን ነፋ። "ማንም። አንድም ነፍስ።"

መርማሪዋ አዘነችለት። "እንዲያ ከሆነማ አለቀልዎት" አለችው። ቀስ ብላም አስረዳችው። ይህ መብት የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ነው፤ አዲስ የሚባለውም ሰው የማያውቀው ነው። ኩባንያው ከማመልከቱ በፊት ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ በአደባባይ ይታወቅ ከነበረ፣ አዲስ አልነበረምና መብቱ ይወድቃል። በጆንያ ተጋርዶ የተሠራ ነገር ግን እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ድብቁ በዝግታ፣ "ሰው አውርቶት ቢሆንስ?" አለ።

አሠራሩን አስረድቶ አውርቶ ከሆነ፣ የሰሙትም መጥተው ከመሰከሩ፣ ያ ሌላ ነገር ነው አለችው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ድብቁ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ይህን ሲያስብ መውረጃውን አለፈ። ዕድሜውን ሙሉ የተጠየፈው ወሬ፣ አሁን ለሚስቱ የገባውን ቃል የሚያድንለት እሱ ብቻ ሆነ። ያንን ወሬ ደግሞ ራሱ ነው ቤት ለቤት ዞሮ ያጠፋው።

ግቢው ሲደርስ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ድመቷ" አለ፣ "ስለዚያ ስለ ሰደፉ እማማ ቢመሰክሩልኝ ብለሽ ለምኚልኝ።"

"ድመቷ" አሉ አማቱ፣ "እኔ አሮጊት ነኝ፤ የማወራው ሕልም ነው በይው።"

ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ ያኔ የሰማውን ሁሉ ያስታውሳል፤ ግን አንተው አይደለህ እንዴ ሕልም ነው ያልከን ብሎ ሳቀበት። ሆኖም ልብስ ሰፊውን ይዞ ሊመጣ ተስማማ። ዋናዋ፣ አማትህ፣ ካልተናገሩ ግን እኛ የገደል ማሚቶ ነን፣ ድምፁ ከሌለ ማሚቶ ምን ይላል አለው።

መብቱ እንዲሰረዝ ድብቁ ያመለከተው ጉዳይ በጽሕፈት ቤቱ በተሰማበት ቀን አማቱ መጡ። ምርጥ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ድመቷ ስለለመነቻቸው እንጂ ሌላ ማንም እንዳልጠራቸው ለበር ጠባቂው ነግረው ገቡ። መርማሪዋ ስለ ሰደፉ ምን እንደሚያውቁ ጠየቀቻቸው።

"ምንም" አሉ።

ወኪሉ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። ድብቁ ተነሣ። በሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም፤ በሠርጉ ቀን እንኳ እሺ ያለው በጭንቅላቱ ነው።

"እማማ ያወሩት ሁሉ እውነት ነበር" አለ። "ሰፈሩን ዞሬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። በድያቸዋለሁ።"

አማቱ ወደ ጣራው እያዩ፣ "ጮክ በል፤ ፀጉር አስተካካዩ አልሰማም" አሉ።

ፀጉር አስተካካዩ መስማቱን ከኋላ ተናገረ።

"አልሰማህም" አሉት አማቱ።

ድብቁ ጮክ ብሎ ደገመው። በአገናኝ መንገዱ ያልፍ የነበረ አንድ ሠራተኛ ቆሞ አንገቱን አስገባ። አማቱ ለሠራተኛው ጭምር መሰማቱን ካረጋገጡ በኋላ ነጠላቸውን አስተካክለው ጀመሩ። የጀመሩት ከልጃቸው መወለድ ነው። መርማሪዋ ወደ ሰደፉ ልትመልሳቸው ብትሞክር፣ "እየመጣሁ ነው ልጄ፤ መንገዱ በዚህ ነው" አሏት። በልጅነት ኩፍኝ በኩል፣ በሠርጉ በኩል፣ በሽንት ቤቱ ጀርባ በኩል አድርገው፣ ወኪሉ ማዛጋት ሲጀምር ምላሱ ጋ ደረሱ። ሞላው እንዴት እንደሚገፋው፣ ሲጫኑት እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ሲለቁት የት ላይ እንደሚናከስ በጣታቸው እያሳዩ አስረዱ።

በውጭ ሲጠብቅ የነበረው ልብስ ሰፊ ለብቻው ተጠራ። እሱም ምላስ አለ፣ ሞላ አለ፣ ይናከሳል አለ። ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ ሲጠየቅ ያንኑ ተናግሮ፣ ድብቁ ምላሱን ለእንጨቱ ሰጥቶ ዲዳ መሆኑንም ሳይረሳ ጨመረ። መርማሪዋ ሳቋን በመነጽሯ ሸፈነች።

ወኪሉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ይህ ሁሉ የተወራው መቼ ነው?

"በድሮው ሱቄ ደጃፍ" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "መንገዱ ሲሰፋ ከመፍረሱ በፊት።"

መርማሪዋ ወደ ወኪሉ ዞረች። ኩባንያው ያመለከተው መንገዱ ሰፍቶ አስፋልት ከለበሰ በኋላ መሆኑን እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። ወኪሉ ጥቂት አሰበና፣ "የአባቴም ሱቅ አብሮ ነው የፈረሰው" አለ። ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

የቀረው ሰደፉን ማየት ነበር። ድብቁ ከጨርቁ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሚስቱ ከታመመች ጀምሮ በእሷ ልክ እንዳጠረ ነበር፤ ማንም አልነካውም። መርማሪዋ አውራ ጣቷን ጭና ሳበችው፤ ረዘመ፣ ቀጭ ብሎም ነከሰ። ድብቁ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ውሳኔው ሰነበተ እንጂ መጣ፤ የኩባንያው መብት በዚህ አገር ተሰረዘ፣ ሣጥኑም ከጉምሩክ ወጣ። መርማሪዋ ግን ሣጥኑን ከመውሰዱ በፊት አንድ ነገር አስታወሰችው። ነገሩ የሁሉም መሆኑ ስለተረጋገጠ ከእንግዲህ ማንም ቢሠራው እሱ ከልካይ አይደለም። ድብቁ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ዋጠው። ገና ግቢው ሳይደርስም የጎረቤት አናጢ መንገድ ላይ አስቁሞት፣ እስቲ ያቺን ምላስ አሳየኝ አለው። አሳየው።

የዚያኑ ቀን ጆንያውን ከመስኮቱ አወረደ፤ በሩንም ክፍት ተወው። አማቱ በክፍሉ ደፍ ላይ ትንሽ ቆመው ገቡ፤ ከዚያ በፊት ገብተውበት አያውቁም። መሮውን አዩ፣ ሞረዱን አነሡ፣ አቧራውን በጣታቸው ሞክረው ከንፈራቸውን መጠጡ። የልጃቸው ሰደፍ ጠረጴዛው ላይ፣ መርማሪዋ እንዳስረዘመችው ነበር። አማቱ ፊታቸው ላይ ምንም ሳያሳዩ አውራ ጣታቸውን ጫኑና ወደ ውስጥ ገፉት።

"የልጄ ክንድ እዚህ ጋ ነው የሚደርሰው" አሉ።

"አዎ እማማ" አለ ድብቁ።

ድመቷ መሃላቸው ቁጭ ብላ አንዱን አይታ ወደ ሌላው ትዞራለች። የሚላክ ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ድመቷ ትንሽ ከሳች።