የተፈታው አትላስ

ከምኖርበት የስደተኞች ሰፈር፣ ከሴንት ጄምስ ታውን፣ በእግሬ እየወረድኩ የምሠራበት ሱቅ የሚሸጠው አሮጌ ካርታ ብቻ ነበር። ጠዋት ዳውንታውን ቢሮ ክሊን አደርጋለሁ፤ ከሰዓት እዚያ ገብቼ የካርታዎቹን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ አነሳለሁ፣ የተቀደደውን በስስ ወረቀት እለጥፋለሁ። ባለቤቱ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ናቸው። ሁለታችንም ስለሚደክመን ብዙ አናወራም።

እዚያ ሱቅ የማይሸጥ ነገር ቢኖር ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አምስተርዳም የታተመ አንድ ትልቅ አትላስ ነው። ካርታዎቹ በመዳብ ላይ ተቀርጸው የታተሙ ስለሆኑ የመዳቡ ጠርዝ ወረቀቱን የረገጠበት ምልክት በጣት ይዳሰሳል። አረንጓዴው ቀለም ከመዳብ ዝገት የተሠራ ነውና ወረቀቱን በልቶ ቡናማ አድርጎታል። ሌሎች ነጋዴዎች እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በትነው ቅጠል ቅጠሉን ለየብቻ ይሸጣሉ። እሳቸው ግን "እኔ ሥጋ ቤት አልከፈትኩም" ይሉ ነበር።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ገበያው ቀዘቀዘ። በረዶ በጣለበት አንድ ከሰዓት አትላሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ቢላዋ ሰጡኝ።

"እጄ አይታዘዘኝም፤ አንቺ ፍቺው" አሉኝ።

"በቃ ቆረጡ?"

"የቤት ኪራዩ ቆረጠልኝ።"

የጀርባውን ክር በጠስኩ። እሳቸው ጓዳ ገብተው አንዲት ሲኒ ደጋግመው ሲያጥቡ ይሰማኛል። አፍሪካ ላይ ስደርስ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

"የአገርሽን አታይውም?"

ከንጋት ጀምሮ ቆሜያለሁ፤ ወገቤ ተቆርጧል። "ልጨርስ" አልኳቸው። ያን ቅጠል በማግሥቱ አንድ ሰውዬ የተሣሉበትን ዝሆኖች ወዶ ገዛው።

ቅዳሜ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ መጡ። ለዓመታት እየመጡ፣ ምንም ሳይገዙ፣ አትላሱን ሲያገላብጡ የሚውሉ ሴት ናቸው። ሽማግሌው በመስኮት ሲያዩዋቸው ጓዳ ገቡ፤ መንገሩ ለእኔ ቀረ።

"መጽሐፉስ?" አሉኝ።

"ተፈታ። ያልተሸጠው መሳቢያ ውስጥ ነው።"

ይቆጣሉ ስል ኮታቸውን አውልቀው ተቀመጡ። "በተራው ደርድሪልኝ" አሉ። ደረደርኩላቸውና እንደ ወትሮው በቀስታ ያገላብጡ ጀመር። አንድ የተሸጠ ቅጠል ቦታ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ያኔ ከጓዳው በር ላይ የሽማግሌው ድምፅ መጣ።

"እዚያ ላይ ዴንማርክ ነበረች። ከታች ሁለት ዓሣ አጥማጆች መረብ ይጎትታሉ።"

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቅንቀው ቀጠሉ። ሌላ ጎዶሎ ጋ ሲደርሱ ሽማግሌው ወጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። እኔም ወንበር ሳብኩ፤ በሥራ ሰዓት እዚያ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው።

"እዚህ ጋ አፍሪካ" አሉ ሽማግሌው፤ "ዝሆኖች፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ባሕር የሚያህል ሐይቅ።"

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ። "እውነት እንዲህ ያለ ሐይቅ እናንተ ጋ አለ?"

"እነሱ በሣሉበት ቦታስ የለም" አልኳቸው። ሦስታችንም ሳቅን፤ የደከመ ሰው ሳቅ።

ሴትዮዋ ያን ቀንም ምንም አልገዙም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱን ግን አልተዉም። ቅጠሉ እያነሰ፣ የሽማግሌው ወሬ እየረዘመ ሄደ። በዓመቱ ሱቁ ተዘጋ። ሽማግሌው ልጃቸው ዘንድ ሌላ ከተማ ገቡ። እኔም ሆስፒታል ኩሽና ሥራ አገኘሁ።