በሬና በቅሎ የተወዳደሩበት ምርጫ

በእኛ በቢቸና ገጠር ድምፅ ማለት ከጉሮሮ የሚወጣው ነው፤ ሌላ ድምፅ አናውቅም ነበር። ስለዚህ በጃንሆይ ዘመን «እንደራሴ ልትመርጡ ነውና ድምፃችሁን ስጡ» ተብሎ በገበያ ሲለፈፍ፣ ሰዉ ሁሉ ተራ በተራ እየቆመ የሚፈልገውን ሰው ጮክ ብሎ የሚጠራ መሰለን። ለሌላው ቀላል ነገር ነው። ለእኔ ግን ጭንቅ ሆነብኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ምላሴ ይያዛል።

ከዚያ በፊትም ምርጫ ነበር። የመጀመሪያው ጊዜ በእኛ ሰፈር እምብዛም የተመዘገበ ሰው የለም። «ስም የሚጽፉት ቀላድ ሊጥሉብን ነው፤ ርስታችንን ለክተው ግብር ሊቆልሉብን ነው» ተባለና፣ መዝጋቢው ሲመጣ ገሚሱ ቆላ ወረደ፣ ገሚሱ «ታሟል» ተባለለት። መዝጋቢው ወደ ደብረ ወርቅ ሲያልፍ ሰዉ ሁሉ ከሕመሙ ተነሣ። ኋላ ግን ደፍረው የተጻፉት ሰዎች መሬታቸው ሳይለካ ሲቀር አየንና፣ በሚቀጥለው ጊዜ እኛም ተጻፍን። እኔ የማወራው ይኼንኑ ሁለተኛውን ነው።

ታላቅ ወንድሜ አፌ ነበር። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሸንጎ ላይ ሲቆም ሰው ሥራ ፈትቶ የሚሰማው ነገር አዋቂ ነበር። እኔ አንድ ቃል ስጀምር መጀመሪያዋን ሰምቶ የቀረውን ይጨርስልኛል። «ው...» ካልኩ «ውሃ ስጡት» ይላል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ልክ ባይሆንም የመጣልኝን እጠጣለሁ። አንድ ድግስ ላይ «ጠ...» ብል ጠላ አስቀዳልኝ፤ እኔ ያየሁት ጠጁን ነበር። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከፍቅር ነው፤ በሰው ፊት ስንተባተብ ከእኔ ይልቅ እሱ ያልበዋል።

ሚስቴ የሞጣ በኩል ልጅ ናት። ሽማግሌ ይዞ ሄዶ የጠየቀልኝም፣ ከአባቷ ጋር ነገሩን የጨረሰልኝም ወንድሜ ነው። «እኔ እስከ ሠርጉ ማግስት ድረስ ያገባኝ ጋሼ መስሎኝ ነበር» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። እሷ ግን ቃሌን አትነጥቀኝም። ሥራዋን እየሠራች ትጠብቃለች፤ ሲወጣ ትሰማለች።

በእኛ በኩል ወሬው በሁለት ተወዳዳሪዎች ላይ ነበር። ፊደል የማያውቀው ሰው እንዲለያቸው ለእያንዳንዱ ምልክት ተሰጥቶታል። አንደኛው የባላባት ልጅ፣ የወንድሜ አበልጅ ነው፤ ምልክቱ በሬ። ሁለተኛው በሞጣና በቢቸና መካከል ማርና ቆዳ የሚነግድ ሰው ነው፤ ምልክቱ በቅሎ። ወንድሜ ለአበልጁ ገና ድሮ «የቤታችን ሁለት ድምፅ ያንተ ነው» ብሎታል። አንዱ የራሱ፣ አንዱ የእኔ መሆኑ ነው። እኔን አልጠየቀኝም፤ መጠየቅ እንዳለበትም አላሰበም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላሰብኩም ነበር።

በበጋው ነጋዴው በእኛ በኩል ሲያልፍ አውድማ ላይ አገኘን። ከበቅሎው ወረደ፣ እህሉን ባረከልን፣ ወደ እኔ ዞረና «ለመሆኑ እዚህ የቸገራችሁ ምንድን ነው?» አለኝ።

ወንድሜ «እኛን የሚቸግረንማ...» ብሎ ጀመረ።

«ይቆዩኝ ጌታው» አለው ሰውየው። «እርስዎን ቀጥሎ እሰማለሁ። የጠየቅሁት እሱን ነው።»

ከዚያ ዱላውን ተደግፎ ቆመ። እኔም «ድ... ድ...» ማለት ያዝሁ።

«ድርቅ ነው የሚልህ» አለ ወንድሜ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ድንበር! ድንበር ነው፤ እውነቱን ነው፣ ድንበር አስቸግሮናል።»

ሰውየው ዝም ብሎ እኔን ያያል። «ድልድይ» አልኩት በመጨረሻ። ለምን እንደሆነም ነገርሁት፤ ከሞጣ የሚለየን ወንዝ ክረምት ከሞላ ሚስቴ እስከ መስቀል ድረስ የእናቷን ዓይን እንደማታይ፣ ባለፈው ዓመት እናቷ ታመው እንኳ ከወንዙ ወዲህ ሆና እንዳለቀሰች። ይህን ብዬ እስክጨርስ በቅሎው ከጭዳችን ጥሩ አድርጎ በላ። ሰውየው እሠራለሁም አላለ፣ አልሠራምም አላለ። «ሰምቻለሁ» ብሎ ተሰናብቶን ሄደ።

«ነጋዴ ነው» አለኝ ወንድሜ ከሄደ በኋላ። «ማር ሲገዛም እንዲሁ ነው የሚያባብለው።»

እሱም ሐሰት አይደለም። ግን ከሚስቴ በቀር እስከ መጨረሻው ቆሞ የሰማኝ ሰው አላውቅም ነበርና፣ ልቤ ወደ በቅሎው ሄደ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ስለ ምርጫው ሲያወራ፣ የደብራችን መሪጌታ «እንደራሴ ሰሙ ሹም ነው» አሉ፤ «ወርቁ ግን ‹እንደ ራሴ› ነው። እኔ ብሆን የምለውን የሚልልኝ ሰው ማለት ነው።»

«እንግዲያማ እኔ ሳልመረጥ የወንድሜ እንደራሴ ነኝ» አለ ወንድሜ።

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣ አለ፤ እኔ ብሆን የምለው በቅሎ ነው፣ እሱ የሚልልኝ በሬ።

ሚስቴን አማከርኳት። ምጥን ሽሮ እየነፋች ጠበቀችኝና፣ ቃሉን ስጨርስ ወንፊቱን አስቀመጠች።

«ሁለቱም እኮ በአንድ ፊደል ነው የሚጀምሩት» አለች። «አንተ ‹በ...› ስትል ጋሼ ‹በሬ› ብለው ይነጥቁሃል። ጸሐፊውም ያንኑ ይጽፋል። ያን ጊዜ ምን ትሆናለህ?»

ወንፊቱን መልሳ አነሣች።

«ዝፈነዋ» አለችኝ። «እርፍ ጨብጠህ ስታንጎራጉር መቼ ተንተባትበህ ታውቃለህ?»

እውነቷን ነው። ከበሬ ኋላ ሆኜ ስዘፍን ቃሉ እንደ ውሃ ይወርድልኛል። እናም ያን ሰሞን ሳርስ «በቅሎዬ፣ በቅሎዬ» እያልኩ ስዘፍን ከረምሁ። በሬዎቼ ግራ ገባቸው። ቀኝ በሬው በተለይ፣ ስሙን የለወጥሁበት ይመስል፣ እየቆመ ወደ ኋላ ያየኝ ነበር።

የምርጫው ቀን ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። ሰልፉ ከወረዳው ግቢ አልፎ መንገድ ወጥቷል። ከፊታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ተራቸው ሲደርስ ጠረጴዛው ፊት ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠርገው «እኔ በሬ ነኝ» ብለው ጮኹ።

ጸሐፊው ደነገጠ። «ቀስ ይበሉ አባባ፣ እዚህ አይጮህም።»

«ድምፅ ስጡ ብላችሁ አልጠራችሁንም?»

«ጠርተናል።»

«ከጠራችሁን በኋላ ዝም በሉ ትላላችሁ?»

ጸሐፊው ተነሥቶ ለሁላችንም አስረዳን። ሥዕል ያለበት ወረቀት ይሰጠናል፤ ከአቡጀዲው መጋረጃ ኋላ ገብተን የወደድነው ሥዕል ላይ ምልክት እናደርጋለን፤ አጥፈን ሣጥኑ ውስጥ እንከታለን። ለማንም መናገር የለም። ሰዉ አጉረመረመ። እኔ ግን የሰማሁትን ማመን አቅቶኝ ቆምሁ።

ወንድሜ ቀድሞኝ መርጦ ወጣ፤ የእኔ ተራ ሲደርስ ግን አብሮኝ ሊገባ ተነሣ። «ወንድሜ ነው» አለው ጸሐፊውን። «ምላሱን ይይዘዋል። የምናገርለት እኔ ነኝ።»

«እዚያ ውስጥ መናገር የለም ጌታዬ» አለ ጸሐፊው። «እጅ አለው?»

«እጅማ አለው።»

«ይበቃዋል።»

ብቻዬን ገባሁ። በሬውን ከሲታ አድርገው ነው የሣሉት፤ በቅሎው ኮርቻው ሳይቀር አምሮበታል። ምልክቴን አድርጌ ትንሽ ቆምሁ። ስንት ቀን ሳርስ ያጠናሁት ቃል አፌ ውስጥ ቀረ። ቢሆንም ደስ አለኝ። ያን ቀን ነገር አዋቂውም፣ መሪጌታውም፣ ባላባቱም ከዚያ መጋረጃ ኋላ እንደ እኔው አፋቸው ተይዞ ነው የወጡት።

ወንድሜ በሩ ላይ ይጠብቀኛል። «እህስ?» አለኝ።

«በ...»

«በሬ!» አለና ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «አበልጄ ደስ ይለዋል።» ዞሮም መንገድ ጀመረ።

ዝም ብል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ወረቀቱ ሣጥኑ ውስጥ ገብቷል፤ ማንም አያውቅብኝም። ልዝፈነውም ብል እችል ነበር፤ ለወንድሜ ግን መዝፈን አልፈለግሁም። ጋቢውን ያዝሁት። «በ... በ...» አልኩ። ከሰልፉ የወጡ ሰዎች ቆመው ማየት ጀመሩ። እሱ ላቡ መጣ።

«በሬ አልከኝ እኮ፤ ሰማሁህ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። አፉን ከፈተ። ከዚያ ገባውና መልሶ ዘጋው። ሊጨርስልኝ ይችል ነበር፤ የቀረው ቃል አንድ ብቻ ነው። አልጨረሰልኝም።

«በቅሎ» አልኩት።

በጋቢው ጫፍ ላቡን ጠረገ። «አበልጄን ምን ልበለው? ሁለት ብዬዋለሁ እኮ።»

«አ... አንድ በለው።»

እስከ ቤት ድረስ ከፊት ከፊቴ ሄደ እንጂ አንድም አልተናገረኝም። ደጃፌ ላይ ሲያልፍ ሚስቴ አየችውና «ጋሼ ዛሬ ምን ሆነው ነው ዝም ያሉት?» አለችኝ።

«ድ... ድምፁን ሰጥቶ መጥቶ» አልኳት።

በሬው አሸነፈ። የወንድሜ አበልጅ አዲስ አበባ ገባ፤ አልፎ አልፎ እስከ ደጀን በመኪና፣ ከዚያ ወዲህ እንደምንም እየመጣ ይጠይቀን ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ድልድዩ አልተሠራም። ነጋዴውም ወደ ማሩና ወደ ቆዳው ተመለሰ። ከዚያም በኋላ ምርጫ በመጣ ቁጥር ሄጃለሁ፤ እንደዚያኛው ግን የማስታውሰው የለም።

ወንድሜ ለጥቂት ጊዜ አኩርፎኝ ከረመ። ከዚያ በዚያው ክረምት ከጎረቤት ጋር የድንበር ነገር ተነሣና ሽማግሌዎች እርሻው ዳር ተቀመጡ። ወንድሜ እንደ ልማዱ ቆሞ ነገሩን አሳምሮ ተናገረ። ሲጨርስ የሽማግሌዎቹ አለቃ «የታናሽህስ ሐሳብ ምንድን ነው?» አሉት።

«የእሱማ...» አለና ቆመ። ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ። «እሱን ጠይቁት አባቴ። ታገሡት እንጂ ይናገራል።»

ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ የተነሣ ግን የለም። እኔ ቆሜ «እ... እ...» ማለት ያዝሁ። ወንድሜ ቁጭ ብሎ መሬት መሬቱን ያያል። ከንፈሩ ከእኔ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅ ግን አላወጣም።